እንጦጦ የማን ነው? (ስለ ፎቅ ቤቶችና ስለ ከተማ እይታ)



ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ከወጣነው ሠልጣኞች መካከል አራታችን የተመደብነው አዲስ አበባ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የመጀመሪያው ትምህርታችን «አራቱ አቅጣጫዎች» የሚል ነው። እንደተማርነው የትምህርት ዕቅዳችንን ከነዓላማው፣ ከነመርጃ መሣሪያው አሰናድተን ልጆቹን ወደ ግቢው አወጣናቸው። በዕቅዳችን ላይ «ተማሪዎች ፊታቸውን ወደ እንጦጦ ተራራ አዙረው ይቆማሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ሰሜን መሆኑን ይገነዘባሉ» የሚል ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ዐረፍተ ነገሩ የእኛ አይደለም። ከእኛ በፊት እዚያው ከተለማመዱ ልጆች የቆየ ዕቅድ ላይ እንዳለ የገለበጥነው ነው።

ግቢው መሀል ቆመን «እንጦጦ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ አርባ ልጅ ዝም አለ። እኛም ቀና ብለን ብናይ እንጦጦ የለም። ፊት ለፊታችን ያለው አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ገና ቀለም ያልተቀባ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ያልተነሣ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰሜን ማለት ፎቁ ነው» አለን። ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም። ልጁ የተናገረው ያየውን ነው፤ የተሳሳተው የእኛ ዕቅድ ነው።

ያን ዕለት ማታ ማደሪያችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳችን «ይሄ ሁሉ ፎቅ ከተማውን አጠፋው፤ ሰማይ እንኳ አላስቀሩልንም» አለ። ሌላው ደግሞ «እንዴ! ሰው መጠለያ አጥቶ እያየህ አንተ ስለ ተራራ ታወራለህ?» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታዲያ እውነት የያዙ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነገሩ በደንብ አልተብራራም ማለት ነውና፣ ያጠናነውን በዚህች የግድግዳ ጋዜጣችን አማካይነት ለእናንተ ለማካፈል ወሰንን።

ከተማዋና ተራሮቿ

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይገኛሉ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መጀመሪያ የተቀመጡት እንጦጦ ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከተራራው ሥር፣ ፍል ውሃው ባለበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከእንጦጦ የወረደች ናት ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ አቀማመጥ ንግግራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ሲያሳይ «ሰሜን፣ ደቡብ» አይልም፤ «ወደ ላይ ሂድ፣ ወደ ታች ውረድ» ነው የሚለው። «ወደ ላይ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ እንጦጦ በኩል ማለት ነው። ተራራው የሰዓትና የአየር ጠባይ ምልክትም ነበር። በተመደብንበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በጥበቃ የሠሩ አንድ አባት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ስቀጠር እንጦጦ ጠቆር ሲል አይቼ ነበር ሕፃናቱን አስገቡ የምለው። አሁን ጠብታዋ ራሴ ላይ ስታርፍ ነው የማውቀው።»

ነገሩን ልብ በሉ። አባባ የተራራው ውበት ቀረብኝ አላሉም። የቀረባቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ እውቀት ነው። የከተማ እይታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፖስት ካርድ ሥዕል ነው። ነገር ግን እይታ ሰው ያለበትን ቦታ፣ የሚሄድበትን መንገድና የሚመጣውን ዝናብ የሚያውቅበት መሣሪያም ነው።

ከተማ ወደ ላይ የሚያድገው ለምንድን ነው?

ሰው ተራራ ለመሸፈን ብሎ ፎቅ አይሠራም። ምክንያቱ መሬት ነው። በከተማ መሀል የሚፈለገው ሁሉ ተሰብስቦ ይገኛል፤ መሥሪያ ቤቱ፣ ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ የታክሲው መነሻ። ሁሉም እዚያ መሆን ስለሚፈልግ መሬቱ ይወደዳል። በአገራችን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ንብረት ሆኗል። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቦታ የሚሰጠው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈል ዋጋ ነው። ዋጋው በካሬ ሜትር ሲቆጠር ቦታ የያዘ ሁሉ አንድ ስሌት ማስላት ይጀምራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቦታ 10 ሚሊዮን ብር አወጣ እንበል። አንድ ደርብ ብቻ ቢሠራበት 10 ሚሊዮኑ በሙሉ በዚያ ደርብ ላይ ይወድቃል። አሥር ደርብ ቢሠራበት ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ሚሊዮን ነው። እርግጥ ፎቅ ሲጨመር መሠረቱ ይጠልቃል፣ ብረቱ ይበዛል፣ ሊፍትና የውሃ መግፊያ ያስፈልጋል፤ ይህም ወጪ ነው። ሆኖም መሬቱ በጣም በተወደደበት ቦታ ወደ ላይ መሄድ ያዋጣል። ስለዚህ ከሩቅ ሆናችሁ ከፍ ያሉ ሕንፃዎች የተሰበሰቡበትን ስታዩ፣ መሬት የተወደደበትን ቦታ እያያችሁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመኖሪያ ቤት እጥረት ነው። ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል በአገራችን የተስፋፋው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መንግሥት በአዲስ አበባ በብዛት ማስገንባት ሲጀምር ነው። ለመሆኑ ኮንዶሚኒየም ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ባለ አራት ፎቅ የመንግሥት ቤት» ይመስለዋል። ቃሉ ግን የሚያመለክተው የሕንፃን ዓይነት ሳይሆን የባለቤትነትን ዓይነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደ ተደነገገው፣ በጋራ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቤት በግል ባለቤት ይሆናል፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና የመሳሰለው ደግሞ የሁሉም የጋራ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆነው የጋራ መጠቀሚያ ቤትም የዚሁ የአብሮነት ክፍል ነው። እንግዲህ ቤቱ በመንግሥት ተሠራ በግል ኩባንያ፣ አራት ፎቅ ሆነ ሃያ፣ ባለቤትነቱ እንዲህ ከተከፋፈለ ኮንዶሚኒየም ነው።

መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ ሊፍት የሌላቸው፣ በተለምዶ «ጂ ፕላስ ፎር» የምንላቸው ናቸው። ልደታን በመሳሰሉ መሀል ሰፈሮች አሮጌ የቀበሌ ቤቶች እየፈረሱ በቦታቸው የጋራ ሕንፃዎች ተተኩ። ከዚያ በኋላ ቁመቱ እየጨመረ መጣ። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት 99.9 ሜትር ከፍታ አለው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳን ጨምሮ በልዩ ልዩ ሰፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። እንግዲህ ዝቅ ያለ ቤት በተነሣበት ቦታ ሁሉ ከፍ ያለ ቢተካ እይታው መለወጡ አይቀሬ ነው።

ትንሽ ፎቅ ትልቅ ተራራ እንዴት ይሸፍናል?

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው። ታዲያ 36 ሜትር ሕንፃ እንዴት አድርጎ ይሸፍነዋል? መልሱ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል እያለን በተማርነው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ትምህርት ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩት። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና ሦስቱን መካከለኛ ጣቶች ገጥማችሁ አግድም ያዙ። የሦስቱ ጣቶች ወርድ ከዐይናችሁ ሲለካ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል። ከመስቀል አደባባይ አካባቢ ሲታይ የእንጦጦ ቁመትም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ያ ሁሉ ተራራ ሦስት ጣት ነው! ትልቅነቱ በወርዱና በርቀቱ እንጂ ከአድማስ በላይ በሚነሣበት ቁመት አይደለም። ስለዚህም በቀላሉ ይሸፈናል።

አሁን በቁጥር እናስላው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ተራራው ጫፍ በቀጥታ መስመር ወደ 8,400 ሜትር፣ የከፍታው ልዩነት ደግሞ ወደ 700 ሜትር ነው እንበል። ለስሌት እንዲቀሉን ቁጥሮቹን አጠጋግተናቸዋል። 8,400 ለ700 ሲካፈል 12 ይሆናል። ይህም ማለት፣ ከዐይናችን ተነሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ የሚሄደው መስመር 12 ሜትር ወደ ፊት በተጓዘ ቁጥር 1 ሜትር ከፍ ይላል።

ከቆምንበት 120 ሜትር ርቆ ሕንፃ ቢሠራ፣ መስመሩ እዚያ ሲደርስ 10 ሜትር ከፍ ብሏል። የዐይናችንን ቁመት 1.5 ሜትር ስንጨምርበት 11.5 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ደርብ 3 ሜትር ቢሆን አራት ደርብ 12 ሜትር ነውና ተራራውን ለመሸፈን ይበቃል። ርቀቱ 240 ሜትር ቢሆን 21.5 ሜትር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ስምንት ደርብ ነው። ነገሩን ገልብጠን ብናየው፣ 36 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ከፊቱ እስከ 414 ሜትር ድረስ ለቆመ ሰው የተራራውን ጫፍ ይሸፍንበታል። 200 ሜትር የሆነው ደግሞ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መሬት ወደ ሰሜን ከፍ እያለ ስለሚሄድ ሕንፃው የሚቆመው ከእኛ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህም ባነሰ ቁመት መሸፈን ይችላል።

ነገር ግን ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ ወርድም አለ። 24 ሜትር ወርድ ያለው ሕንፃ በ240 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም፣ ተራራው ከሕንፃው 35 ጊዜ ይርቃልና ከተራራው ላይ የሚሸፍነው 24 ጊዜ 35፣ ማለትም 840 ሜትር ያህል ነው። ሕንፃው 96 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ቢሆን ግን 3,360 ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ ቀጭንና ረጅም ሕንፃ ከተራራው ላይ አንድ ቁራጭ ይወስዳል፤ ዝቅ ያለና ሰፊ ሕንፃ ደግሞ ቅርብ ከሆነ ሙሉውን ሊወስደው ይችላል። እኛ መጀመሪያ «ጥፋተኛው ረጅሙ ፎቅ ነው» ብለን ነበር። ካሰላነው በኋላ ግን አሳባችንን አረምን። ዋናው ጥያቄ ስንት ፎቅ ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን የት ቆመ፣ ምን ያህል ሰፋ፣ ከጎረቤቱስ ምን ያህል ክፍተት ተወ የሚለው ነው።

እይታው የት ሄደ?

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን «ከቤታችሁ መስኮት ወይም በር ላይ ሆናችሁ የምታዩትን ሣሉ» አልናቸው። አብዛኞቹ የሣሉት ግድግዳ፣ የተሰጣ ልብስና የጎረቤት መስኮት ነበር። አንዲት ልጅ ግን አረንጓዴ ቀለሟን ጨርሳ የሣለችው ተራራ ነው፤ ከነባሕር ዛፉ፣ ከነደመናው። «የት አይተሽ ነው?» ብንላት «እኛ ቤት እንጦጦ አለ» አለችን። ለካስ ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው።

ይህች መልስ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆነችን። እይታው ጠፋ ስንል ነበር፤ ግን አልጠፋም። ቤት ለውጧል። ትናንት ግቢ ውስጥ የቆመ ሁሉ፣ ዘበኛውም ተማሪውም ሊስትሮውም፣ በነፃ ያየው የነበረው ተራራ ዛሬ ወደ ላይ ወጥቶ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ላሉት ሆነ። እዚህ ላይ የልጅቷ ቤተሰቦች ጥፋት የለባቸውም። ቤት ፈልገው ቤት አገኙ፤ መስኮቱም እይታ ይዞ መጣ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውሃና ከሰል ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ታችኛውን ፎቅ ይመርጥ ይሆናል። ሊፍት ባለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በብዙ የዓለም ከተሞች አንድ ዓይነት ቤት ከፍ ባለው ፎቅ ላይ ሲሆን የሚሸጠው በበለጠ ዋጋ ነው። የዋጋው ልዩነት የሲሚንቶ አይደለም፤ የእይታ ነው።

ልጅቷ ግን ጨመረችልን፦ «አባዬ ከፊታችን ክሬን አቁመዋል፣ እሱ ሕንፃ ሲያልቅ የኛም ተራራ ያልቃል አለ።» ወይ ጉድ! እንግዲህ የዘጠነኛ ፎቁም እይታ የተውሶ ነው። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ቤቱን በግል፣ ደረጃውንና ጣሪያውን በጋራ ይይዛል። ከፊቱ ባለው የሌላ ሰው ቦታ ላይ ያለውን ባዶ አየር ግን አልገዛውም። ያ ቦታ ባዶ ወይም ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ ብቻ ያያል። ዛሬ የሸፈነ ነገ ይሸፈናል።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አስቀድመው የገጠማቸው ከተሞች ነበሩ። ሁለቱን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያዋ ለንደን ናት። በለንደን መሀል 111 ሜትር ከፍታ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአካባቢው ከፍ ከፍ ያሉ ሕንፃዎች መሠራት ሲጀምሩ፣ በተለይም የስልክ መሥሪያ ቤት የነበረው የፋራዳይ ሕንፃ ከወንዙ በኩል የነበረውን እይታ ሲጋርድ፣ ነገሩ አሳሰበ። የካቴድራሉ ሕንፃ ኃላፊ የነበሩት ጎድፍሪ አለን ለካቴድራሉ እይታ ሲባል በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች ከስንት ከፍታ ማለፍ እንደሌለባቸው የሚያሳይ ፕላን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮም የከተማው አስተዳደር በዚሁ መሠረት መሥራት ጀመረ። ዛሬ ከካቴድራሉ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሪችመንድ ፓርክ ካለች አንዲት ጉብታ ላይ ቆሞ ካቴድራሉን ማየት ይቻላል፤ ያ መስመር በደንብ የተጠበቀ ነው።

ሁለተኛዋ የካናዳዋ ቫንኩቨር ናት። እርሷ ለእኛ በጣም ትቀርባለች፤ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ተራሮቿ በሰሜን በኩል ናቸውና። ቫንኩቨር ያለችበት ክፍለ ሀገር የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚፈቅድ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተደረገ በኋላ፣ የኤግዚቢሽኑ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1988 ለአንድ የሆንግ ኮንግ ባለሀብት ተሸጦ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ይሠሩበት ጀመር። ሕዝቡ ተራሮቹ ሊሸፈኑ ነው ብሎ ሠጋ። እ.ኤ.አ. በ1989 የከተማው ምክር ቤት የእይታ መጠበቂያ መመሪያ አወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕዝብ የሚገኝባቸው ቦታዎች፣ ማለትም መናፈሻ፣ ድልድይ፣ አደባባይና መንገድ ይመረጣሉ። ከእያንዳንዱ ቦታ ተነሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ የሚዘረጋ፣ እየሰፋ የሚሄድ የማይታይ ሽብልቅ በካርታ ላይ ይሣላል። በዚያ ሽብልቅ ሥር የሚሠራ ሕንፃ ሽብልቁን መብሳት አይችልም። የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካለው የከፍታ ገደብ ጋር ይመሳሰላል፤ አውሮፕላን በሚያርፍበት አቅጣጫ የሚሠሩ ሕንፃዎች ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፉ የሚያደርግ የማይታይ ጣሪያ አለ። በተጨማሪም ቫንኩቨር የመኖሪያ ማማዎቿ ቀጫጭን እንዲሆኑ፣ የአንዱ ደርብ ስፋት ከ600 ካሬ ሜትር ብዙ እንዳያልፍ፣ በማማና በማማ መካከልም 24 ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ታደርግ ነበር። ከላይ የሠራነውን የወርድ ስሌት አስታውሱ፤ 600 ካሬ ሜትር ማለት ጎኑ 24 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ነው።

የተጠበቀው እይታ የማን እንደሆነ አስተውላችኋል? የማንም ሰው የግል መስኮት አልተጠበቀም። የተጠበቀው መሬት ላይ፣ በሕዝብ ቦታ የቆመ ሰው እይታ ነው። ባለ ገንዘቡም ድሃውም እኩል የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው።

«እይታ አይበላም» ለሚሉስ?

ጽሑፋችንን ያነበበ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን «ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» አለን። ክርክሩን ቀላል አድርገን አናልፈውም። ቫንኩቨር ራሷ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መመሪያዋን አሻሽላ በአንዳንድ የተጠበቁ እይታዎች ሥር ከፍ ያሉ ሕንፃዎች እንዲሠሩ ፈቅዳለች። ምክንያቱም የቤት እጥረቱና የኪራዩ መናር ነው። «ተራራ ልናይ ብለን ስንት ቤት ሳንሠራ ቀረን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶባታል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛም አራታችን በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። የተስማማንበት ግን አለ። ቤት የሌለው ሰው ቤት ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ፎቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቤት ለመሥራት ሲባል እይታው ሁሉ መጥፋት አለበት ማለት አይደለም። ሕንፃውን ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ፣ ግድግዳ ከመሥራት ማማ መሥራት፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ክፍተት መተው፣ አንድን መንገድ ወደ ተራራው እንደ ተከፈተ ማቆየት አንድም ቤት ሳይቀነስ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ አለ። ቁም ነገሩ ስሌቱ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት መሠራቱ ላይ ነው። ከቆመ በኋላ ሕንፃን ፈቀቅ በል የሚለው የለም።

ሌላው ደግሞ፣ የሚቀረው እይታ ለማን ይድረስ የሚለው የፍርድ ጥያቄ ነው። ዝም ከተባለ እይታው ወደ ላይ፣ የከፍታውን ዋጋ መክፈል ወደሚችለው ይሄዳል። ከታሰበበት ግን ከጥቂት አደባባዮች፣ ከጥቂት የትምህርት ቤት ግቢዎች፣ ከጥቂት መንገዶች ለሁሉም ሊተርፍ ይችላል።

ከእኛ ከመምህራን ምን ይጠበቃል?

ስንመለስ የገጠመንን ለጂኦግራፊ መምህራችን ብንነግራቸው ሳቅ ብለው «ተራራ ምልክት ነው እንጂ አቅጣጫ አይደለም፤ እናንተ ያስተማራችሁት ምልክቱን ነው» አሉን። ትክክል ናቸው። ፎቁ ባይሠራም ኖሮ ዕቅዳችን ደካማ ነበር። በእንጦጦ ብቻ ሰሜንን የተማረ ልጅ ጅማ ወይም ጎንደር ሲሄድ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ትምህርቱን እንደገና አስተማርነው። መሥራት ለምትፈልጉ አሠራሩ እነሆ።

አንድ ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በተስተካከለ መሬት ላይ ትከሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን በጠጠር ምልክት አድርጉ። በእንጨቱ ሥር ክር አስራችሁ እስከ ጠጠሩ ድረስ ለኩና ክብ ሣሉ። ከሰዓት በኋላ የጥላው ጫፍ ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ጠጠር አስቀምጡ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ምዕራብን በግራ፣ ምሥራቅን በቀኝ አድርጎ የቆመ ልጅ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ፎቅ ይኑር አይኑር፣ ጥላ እስካለ ድረስ ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «በቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ብላችሁ እንዳታስተምሩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሌሎቹ ወራት ደግሞ በተቃራኒው ነው።

ያ ሁሉ ተሠርቶ ሲያበቃ ያ «ሰሜን ማለት ፎቁ ነው» ያለው ልጅ ክሩን ይዞ ቆመና «ታዲያ ፎቁ ሰሜን አይደለማ! ፎቁ ሰሜን በኩል ነው ያለው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረንም። ከዚያ «ከፎቁ በስተጀርባስ ማን አለ?» ስንለው፣ ያቺ ልጅ ከወዲያ «እንጦጦ!» ብላ ጮኸች።

የመጨረሻው አሳባችን ይህ ነው። ለንደንም ቫንኩቨርም እይታቸውን ሊጠብቁ የቻሉት አንድ ሰው አስቀድሞ ቆሞ፣ ለክቶ፣ በወረቀት ላይ ስላሰፈረው ነው። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ ጠፋ የሚል የለም። ስለዚህ ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ግቢው መሀል ቆመው፣ ዙሪያውን የሚታየውን አድማስ በረጅም ወረቀት ላይ ቢሥሉት፣ ቀኑንም ጽፈው ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጡት ብዙ ወጪ የለውም። ወረቀት፣ እርሳስና ግማሽ ሰዓት ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ምን ይታይ እንደነበር ያውቃል። ከተማዋ ፕላን ስታወጣም «ከዚህ ግቢ ይህ ይታይ ነበር» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ ይኖራል።

እኛ ከተመደብንበት ትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት የመጀመሪያውን አሥለናል። በሰሜን በኩል ያለው አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ልጆቹ ከነመወጣጫው ሥለውታል። ከሕንፃው በስተቀኝ በኩል ግን፣ ከጎረቤቱ ጋር ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ የጣት ወርድ የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች። ያገኟት ልጆቹ ናቸው። እኛ አላየናትም ነበር።

ውድ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን፣ በስሌታችንም ሆነ በአሳባችን ስሕተት ካገኛችሁ ከዚሁ ሥር በወረቀት ጽፋችሁ ብትለጥፉልን በደስታ እንታረማለን።